አይላሽ ኤክስቴንሽን እንዴት ይያዛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ የቸኮለ ሰው ስለ አስተጣጠብ የተጻፈውን ብቻ እንኳ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ኤክስቴንሽን ከሚለጠፈው አርቴፊሻል ሽፋሽፍት በምን ይለያል?

የሚለጠፈው በአንድ ክር ላይ የተደረደረ ስለሆነ ቆዳ ላይ ያርፋል፤ ማታ ተነስቶ ጠዋት ይመለሳል። ኤክስቴንሽን ግን ቆዳ አይነካም፣ መንካትም የለበትም። እያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ፀጉር ከዓይን ቆቡ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በአንድ የራስ ሽፋሽፍት ላይ በወረንጦ ይጣበቃል። ፀጉሩ "ሚንክ" ወይም "ሐር" እየተባለ ቢሸጥም አብዛኛውን ጊዜ ፒቢቲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሙጫው ደግሞ ሳያኖአክሪሌት ነው። ከሱፐር ግሉ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ይህኛው ግን ለሽፋሽፍት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የቤቱን ሱፐር ግሉ ለዚህ ሥራ መጠቀም ዓይንን ለአደጋ መስጠት ነው።

ክላሲክ የሚባለው አሠራር በአንድ ሽፋሽፍት ላይ አንድ ፀጉር ብቻ ያስቀምጣል፤ ውፍረቱ በተለምዶ ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቮልዩም ግን ከ0.05 እስከ 0.07 የሆኑ ቀጫጭን ፀጉሮችን ከ2 እስከ 6 አድርጎ እንደ ማራገቢያ ከፍቶ ያጣብቃል። አያያዛቸው አንድ ነው፤ ቮልዩም በፀጉሮቹ መካከል ቆሻሻ የሚይዝበት ቦታ ስለሚበዛ እጥበቱን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ይፈልጋል።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ዕድሜውን የሚወስነው ከሙጫው ይልቅ የራሳችሁ ሽፋሽፍት ነው። ሽፋሽፍት ያድጋል፣ ያርፋል፣ ይረግፋል፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል፤ የተጣበቀበት ፀጉር ሲወድቅ ኤክስቴንሽኑም አብሮት ይሄዳል። ሙጫው የቱንም ያህል ቢጠነክር ይህን አያስቀርም። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ መሳሳቱ ይታያል፣ ሪፊል የሚባለው፣ የሳሳውን ቦታ በአዲስ ፀጉር መሙላት፣ ያኔ ይሠራል። ስድስት ሳምንት ሞልቶ አንድም ሳይጎድል ይቆያል የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ማስታወቂያ መሆኑን አትርሱ።

በቀን ስንት ቢረግፍ ነው የማልደነግጠው?

በላይኛው ቆብ ላይ በአማካይ ከ90 እስከ 150 ሽፋሽፍት አለ፤ ከእያንዳንዱ ዓይን በቀን ከ1 እስከ 5 ቢወድቅ የተለመደ ነው። ኤክስቴንሽን ያላደረገ ሰውም ይህን ያህል ያጣል፤ የራስ ሽፋሽፍት ቀጭንና አጭር ስለሆነ ግን ሲወድቅ ማንም ልብ አይለውም። ኤክስቴንሽን ያለበት ሲወድቅ ግን ትራስ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ያስደነግጣልም። በቀን 2 ብቻ ቢወድቅ እንኳ በሁለት ሳምንት ከአንድ ዓይን 28 ይሄዳል፤ መሳሳቱ የሚመጣው ከዚሁ ሒሳብ ነው።

የወደቀውን አንሥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት። ከወፍራሙ ጥቁር ፀጉር ሥር ቀጠን ያለ የራሳችሁ ፀጉር ተጣብቆ፣ ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለች ነጭ ነጥብ ካለች ዕድሜውን ጨርሶ የወደቀ ነው፤ ምንም ችግር የለም። የራስ ፀጉር ሳይኖርበት ኤክስቴንሽኑ ብቻውን ከሆነ ማጣበቂያው ለቋል ማለት ነው። ሁለቱ መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ይህችን ምርመራ መልመድ ይጠቅማል።

ከተሠራሁ በኋላ መቼ ነው ውሃ የማስነካው?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክሩም በየዘመኑ ተለዋውጧል። ሳያኖአክሪሌት እንደ ቀለም ውሃው ተኖ የሚደርቅ ሙጫ አይደለም። የሚጠጥረው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው። ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል፣ ውስጡ ግን እስኪጸና አንድ ቀን ያህል ሊፈጅ ይችላል። ሳይጸና ድንገት ብዙ ውሃ ካገኘው በፍጥነት ይጠጥርና ነጣ ብሎ ተሰባሪ ይሆናል።

አሁን ብዙ ባለሙያዎች ሥራው እንዳለቀ በጣም ደቃቅ የውሃ ጉም ይረጩበታል ወይም ማጠናከሪያ ፈሳሽ ይቀቡታል፤ እንዲህ ከተደረገ የዚያኑ ዕለት ማታ መታጠብ ይቻላል። የሠራችላችሁ ባለሙያ ስለምትጠቀመው ሙጫ የነገረቻችሁን ያዙ። ምንም ካልነገረቻችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ፤ እንፋሎት፣ ሳውናና ዋና ሲሆን 48 ሰዓት። 24 ሰዓት ሲሞላ ግን መታጠብ ተፈቀደ ብቻ ሳይሆን መታጠብ ተጀመረ ማለት ነው።

ካልታጠብኩት ይበልጥ ይቆያል የሚሉት እውነት ነው?

ሐሰት ነው፤ በዚህ ሥራ ዙሪያ ከሚነገሩት ምክሮች ሁሉ የከፋውም ይህ ነው። የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። ወዙ ከሞተ ቆዳ፣ ከአቧራና ከመኳኳያ ቅሪት ጋር ተቀላቅሎ በሽፋሽፍቱ ግርጌ ይጋገራል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ነጭ ወይም ቢጫማ ቅርፊት ይመስላል። ቅርፊቱ ፀጉሩን ያከብደዋል፣ ሙጫውን ከሥር ያላላዋል፣ እንደ ማራገቢያ የተከፈቱትን ፀጉሮች ያጣብቃቸዋል። ውሃ ፈርተው የማይታጠቡ ሰዎች ቀድመው የሚረግፍባቸው ለዚህ ነው።

ከመርገፉ የሚብሰው የጤናው ጉዳይ ነው። እዚያ የተጋገረው ነገር ለባክቴሪያና ዴሞዴክስ ለሚባለው በዓይን ለማይታይ ተሐዋስ ምቹ መኖሪያ ነው። ውጤቱ ብሌፋራይቲስ የሚባለው የቆብ ጠርዝ ብግነት ነው፦ ጠዋት ላይ ዓይን ይጣበቃል፣ ጠርዙ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል። ብዙዎች "ኤክስቴንሽን አልተስማማኝም" ብለው የሚተውት ሳይታጠብ ከከረመ በኋላ ነው።

በትክክል እንዴት ነው የሚታጠበው?

በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ከመተኛት በፊት። ፊቱ ወዛም የሆነ፣ ስፖርት የሚሠራ ወይም በየቀኑ የሚኳኳል ሰው ጠዋትም ይጨምር። መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ፣ ኮንታክት ሌንስ ካለ አውጡ፣ የዓይን ሜካፕ ካለ ዘይት በሌለው ማጽጃ አስወግዱ። ከዚያ ለሽፋሽፍት ተብሎ የተሠራ፣ ዘይትና ሽቶ የሌለበት አረፋ በአተር ፍሬ መጠን ለስላሳ ብሩሽ ላይ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከቆቡ ቆዳ ጀምራችሁ ወደ ጫፍ፣ ወደ ታች ብቻ አስኪዱ። ግራና ቀኝ መፈተግ ፀጉሮቹን ያቆላልፋቸዋል። ብሩሹ በደንብ መድረስ ያለበት ግርጌው ነው፤ ሰው ግን ግርጌውን ፈርቶ ጫፉን ብቻ ይነካካል፣ ጫፉ ደግሞ ድሮም ንጹሕ ነው። ለአንድ ዓይን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የታችኛውን ረድፍም አትርሱ።

ሲለቀለቅ ለብ ያለ ውሃ በእፍኝ ይዞ የተጨፈነ ዓይን ላይ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ይሻላል፤ የሻወሩን ውርጅብኝ በቀጥታ ፊት ላይ መልቀቅ ግን አይደለም። አረፋው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙት። የቀረ አረፋ ሲደርቅ ዓይን ያቃጥላል፤ ሰውም ምርቱን ይወቅሳል።

ለማድረቅ ፎጣ አትጠቀሙ፤ የፎጣው ቀለበት ቀለበት ክር ፀጉሩን ይነጭበታል። ጥጥም እንዲሁ ክሩን ይተውበታል። ክር የማይተው ለስላሳ ወረቀት ከጫፉ ሥር ያዝ አድርጉና ውሃውን ይምጠጠው፤ ከዚያ በአነስተኛ ማራገቢያ ወይም በፀጉር ማድረቂያው ቀዝቃዛ አየር ጨርሱ። ውሃው ጠፍቶ ርጥበት ብቻ ሲቀር የማስካራ ብሩሽ በሚመስለው ማበጠሪያ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ ወደ ላይ እያሽከረከራችሁ አበጥሩ። ውሃ የጠጣ ሽፋሽፍት ጭፍርር ብሎ፣ ተሰብስቦ ስታዩት ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ደርቆ ሲበጠር ይመለሳል። ማበጠሪያውም በየሳምንቱ በሳሙና ይታጠብ፣ በየወሩ ያህል ይቀየር።

የሕፃናት ሻምፑ ወይም ቤት የተቀመመ ማጽጃ ይሆናል?

የሕፃናት ሻምፑ ዓይን አያቃጥልም ተብሎ ስለሚታመን ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ችግሩ ሽቶና ማለስለሻ ያላቸው መኖራቸው ነው፤ ማለስለሻው በፀጉሩ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል፣ ሪፊል ሲሠራም ሙጫው በደንብ አይዝም። ለአንድ ለሁለት ቀን ሌላ ከሌለ በውሃ አቅጥኖ መታጠብ ከናካቴው ካለመታጠብ ይሻላል። የዘወትር ግን አይሁን።

ቤት ተቀምሞ በብልቃጥ የሚቀመጠውን ግን አንመክርም። ውሃ ያለበት ማናቸውም ቅልቅል መከላከያ ካልተጨመረበት በቀናት ውስጥ ባክቴሪያ ያበቅላል፤ ያ ደግሞ በየማታው በቀጥታ ዓይን ላይ የሚወሰድ ነገር ነው።

ዘይት እውነት ሙጫውን ያሟሟል?

የሚፈራውን ያህል ወዲያው አያሟሟም። አንድ ጊዜ ክሬም ነካው ብሎ የሚረግፍ ኤክስቴንሽን መጀመሪያውኑ በደንብ አልተጣበቀም። በየቀኑ ሲደጋገም ግን ቅባት ማጣበቂያው ሥር እየሰረገ ያላላዋል፤ የተቀባ ሽፋሽፍት ላይም አዲስ ሙጫ አይዝም። በተጨማሪ ዘይት ያለበት ሜካፕ ማስወገጃ ሲጠቀሙ መፈተግ አይቀርም፤ ከዘይቱ ይልቅ ፍትጉ ይጎዳል።

በተግባር፦ የማታ ክሬምና የፀሐይ መከላከያ ከሽፋሽፍቱ ሥር አንድ ጣት ያህል አርቃችሁ ተቀቡ። ሌሊት በሰውነት ሙቀት ቀልጦ ወደ ዓይን ስለሚሄድ መጠኑን ቀንሱ፣ ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁም ቀቡት።

ማስካራና ኩል ማድረግ እችላለሁ?

ማስካራው ይቅርባችሁ። ኤክስቴንሽን የሚሠራው ማስካራን ለመተው ነው፤ ደግሞስ በተከፈቱት ፀጉሮች መካከል የገባ ማስካራ ተጠርጎ አይወጣም። ውሃ የማይበግረው ዓይነት ጭራሽ አይነካም፤ እሱን የሚያስለቅቀው ዘይት ነውና። ኩል የግድ ካስፈለገ በውሃ የሚለቅ ፈሳሽ ኩል ይሻላል። እርሳሱ ሰም አለበት፤ በሽፋሽፍቱ ግርጌ ተጎትቶ ሲሰመር ያንኑ የተጋገረ ቅርፊት ያመጣል። የሽፋሽፍት መቆልመሚያ መሣሪያ ፈጽሞ አይጠቀሙም፤ ሙጫው ደረቅ ስለሆነ መሣሪያው ሲጨብጠው ይሰብረዋል፣ አንዳንዴም የራስን ፀጉር ጭምር።

አንዱ ዓይኔ ብቻ ቀድሞ ሳሳ፤ ሙጫው ነው ችግሩ?

በየትኛው ጎን ነው የምትተኙት? የሳሳው ያው ከትራስ ጋር የሚያድረው ነው፤ ብዙ ጊዜም የውጪው ጥግ ቀድሞ ይሄዳል። ሙጫው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዓይን እኩል ይጎዳ ነበር። በጀርባ መተኛት ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ግን ማን ራሱን ይቆጣጠራል? ከፍ ያለ ትራስ ላይ ጉንጭ ብቻ አርፎ ዓይኑ ከጫፉ እንዲወጣ ማድረግ ወይም የሐር ትራስ ልብስ መጠቀም ይረዳል። በሚበላው እጅ ያንኑ ዓይን የማሸት ልማድም ይህን ያመጣል።

እንፋሎት፣ እሳትና ዋና ያበላሹታል?

ፒቢቲ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት ቅርጹን ይለውጠዋል። የምድጃ በር ተከፍቶ የሚወጣው የመጀመሪያው ወላፈን፣ የሚፈላ ድስት ክዳን ሲነሳ፣ የሚጤስ ፍም ላይ ማጎንበስ፣ ሲጋራ ሲለኮስ፣ የፀጉር ማድረቂያው ሙቅ አየር፦ በእነዚህ ሁሉ የፀጉሩ ጫፍ በአንዴ ይጨማደዳል። ሲነካ እንደ ተለበለበ ክር ይሻክራል፤ ማበጠሪያ አያስተካክለውም፣ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ክዳን ስታነሱ ፊታችሁን ዞር አድርጉ፣ የመጀመሪያው ትኩሳት ይለፍ።

ዋና ከመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በኋላ ይቻላል። ክሎሪንም ሆነ ጨው እዚያው ሲደርቅ ፀጉሩን ያሻክራል፣ ቆብንም ያደርቃል፤ ከገንዳ እንደወጣችሁ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ጥብቅ የዋና መነጽር ጫፉን እንዳይጫነው ሰፊ ጉድጓድ ያለውን ምረጡ። ማልቀስም ይጠየቃል፦ እንባ አይጎዳም፣ የሚጎዳው አጠራረጉ ነው።

ፀጉሮቹ ለምን ይጣመማሉ?

የራስ ሽፋሽፍት በቀን ከ0.1 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ያድጋል። ተጣብቆ የነበረው ቦታ በሦስት ሳምንት ከቆቡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ሸክሙ ከሥሩ ሲርቅ ቀጭኑ ፀጉር መሸከም ያቅተውና ወደ ጎን ይዞራል። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሦስቱ ቢጣመሙ የሚጠበቅ ነው፤ ሪፊል ሲሠራ እነሱ ይነቀላሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙዎቹ ከተጣመሙ ግን ክብደቱ በዝቷል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ባለ 0.20 ፀጉር ከባለ 0.10ሩ አራት ጊዜ ይከብዳል። በአንጻሩ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ አራት ባለ 0.07 ፀጉሮች ተደምረው ከአንድ ባለ 0.15 ይቀላሉ። ሞላ ያለ መልክ የምትፈልጉ ከሆነ ወፍራሙን ሳይሆን ቀጫጭኑን ቮልዩም ጠይቁ። ርዝመቱም ከራሳችሁ ፀጉር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሪፊል መቼ ነው የምሄደው?

ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቢያንስ 40 በመቶው ያህል ቦታው ላይ እያለ። አራት ሳምንት ካለፈ የቀረው ርቆ ያደገ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ሁሉንም አንሥቶ እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል። ስትሄዱ ሜካፕ ሳታደርጉ፣ ሽፋሽፍታችሁን ታጥባችሁ ሂዱ። ባለሙያዋ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ቆሻሻ በመጥረግ ካሳለፈች ለመሙላት የሚቀራት ጊዜ ያንኑ ያህል ይቀንሳል።

ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ረገፈ፤ የማን ጥፋት ነው?

ከላይ እንደተባለው የወደቁትን ወረቀት ላይ ሰብስቡና እዩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የወደቁት ሁሉም ብቻቸውን ከሆኑ፣ ከሁለቱም ዓይን እኩል ከሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የአሠራር ነው። ሽፋሽፍቱ ከመጣበቁ በፊት ወዙ አልተጠረገም፣ ሙጫው ከተከፈተ ቆይቷል፣ ወይም የክፍሉ አየር አልተስማማውም። አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን ሙጫው ይዘገያል፤ በጣም ርጥብ ሲሆን ደግሞ ፀጉሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ይጠጥራል። ኃላፊነት የሚሰማት ባለሙያ በእነዚህ ቀናት የረገፈውን ታስተካክላለች፤ የወደቁትንና ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ።

ቦታ መርጦ የሳሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጥጉ ብቻ ወይም አንድ ጎን ብቻ፣ የእንቅልፍ፣ የማሸት ወይም የኩል ጉዳይ ነው። የራስ ፀጉር ይዘው የወደቁት ከወትሮው በጣም ከበዙ፣ ቅንድብም አብሮ ከሳሳ፣ ከኤክስቴንሽኑ ውጪ ያለ ምክንያት ሊሆን ይችላልና የታይሮይድ ምርመራን ጨምሮ ሐኪም ማማከር ይገባል።

የራሴን ሽፋሽፍት ያበላሽብኛል?

በልኩ የተሠራ፣ የሚታጠብ፣ ያልተጎተተ ኤክስቴንሽን አያበላሽም። የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከአቅም በላይ ክብደት፣ መንቀልና ሁለት የራስ ፀጉሮች ተጣብቀው መቅረታቸው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሽፋሽፍቶች እኩል አያድጉም፤ በአንድ ሙጫ ከታሰሩ የሚያድገው የቆመውን ከሥሩ ይስበዋል። ስሜቱ እንደ ተቆነጠጠ ዓይነት ነው፣ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ፣ ዓይን ሲርገበገብ የሚያም። ሥራው እንዳለቀ መስተዋት ስጡኝ በሉና ማበጠሪያውን ከግርጌ ወደ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ የሚይዘው ቦታ ካለ ከወንበሩ ሳትነሱ እንድትለያየው ጠይቁ።

ተነቅሎ የወጣ ሽፋሽፍት ተመልሶ ለመሙላት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል ይፈጃል። አንዱ ሥር ደጋግሞ ከተነቀለ ግን እስከነጭራሹ ማብቀል ሊያቆም ይችላል።

ቤት ውስጥ ራሴ ማንሳት እችላለሁ?

አይመከርም። ዘይት ቀብቶ ማሸት፣ በእንፋሎት ማላላት፣ አንድ በአንድ መሳብ በየቦታው የሚነገሩ ዘዴዎች ናቸው፤ ሁሉም መጨረሻቸው የራስን ፀጉር አብሮ መንቀል ነው። ባለሙያዋ የምትጠቀመው ሙጫውን የሚያሟሟ ክሬም ወይም ጄል ነው፤ ከታች ተሸፍኖ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያለ መጎተት ተንሸራትቶ ይወጣል። ያ ማስለቀቂያ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ስለሚያቃጥል በራስ እጅ የሚሠራ አይደለም። መሄድ ካልቻላችሁ መተው ነው፤ በየቀኑ እየታጠባችሁ ብትጠብቁ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ሁሉም በራሱ ጊዜ ይወድቃል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት መልኩ አያምርም፣ ሽፋሽፍቱ ግን ይተርፋል።

ሴረም ከኤክስቴንሽን ጋር ይሄዳል?

ዘይት የሌለበት ከሆነ ይሄዳል፤ ማታ ከታጠባችሁና ከደረቀ በኋላ በግርጌው ቆዳ ላይ በስሱ ይቀባል። ይዘቱን ግን አንብቡ። ሽፋሽፍት የሚያሳድገው ቢማቶፕሮስት መጀመሪያ የግላኮማ ጠብታ ነበር፤ ታካሚዎቹ ሽፋሽፍታቸው ሲረዝም ታየና በ2008 ለዚሁ ተግባር በአሜሪካ ተፈቀደ። የቆቡን ቆዳ ሊያጠቁር፣ ዓይኑን ሊያቀላ፣ አልፎ አልፎም የብሌኑን ዙሪያ ቀለም ሊለውጥ ይችላል፤ የቀለሙ ለውጥ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ስሙ "ፕሮስት" የሚል ክፍል ያለው ንጥረ ነገር ካያችሁ የዓይን ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመር።

ኮንታክት ሌንስ፣ የዓይን ቀዶ ጥገና ወይም ኤምአርአይ ካለብኝስ?

ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሊሠራ ይችላል፤ በሥራው ሰዓት ግን ሌንሱ ይወጣል፣ የሙጫው ተን ሌንሱ ላይ ያርፋልና። የዓይን ቀዶ ጥገና የተቀጠረ ሰው አስቀድሞ ያስነሳ፤ ዳግም መቼ እንደሚሠራ ቀኑን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። ለኤምአርአይ በማግኔት የሚያዘው ሽፋሽፍት ብረት ስላለበት የግድ ይወልቃል። የተጣበቀው ኤክስቴንሽን ፕላስቲክ ቢሆንም ከመግባታችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩ።

ዓይኔ ቀላ፣ ቆቤ አበጠ፤ መቆጣት ነው ወይስ አለርጂ?

ጊዜውን ተመልከቱ። ከወንበሩ ስትነሱ ነጩ ክፍል ቀልቶ፣ እያቃጠለ፣ እንባ እያመጣ ከሆነ ከሙጫው ተን የመጣ መቆጣት ነው፤ ዓይን በሥራው መሃል ትንሽ ተከፍቶ እንደነበር ይጠቁማል። በአንድ ቀን ውስጥ ይጠፋል። አለርጂ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፦ የሁለቱም ዓይን ቆብ ያብጣል፣ ከማቃጠል ይልቅ ያሳክካል፣ ቆዳው ይቀላል፣ አንዳንዴ ይላላጣል። ዓመት ሙሉ ሲሠራ ምንም ያልሆነ ሰው ላይም በድንገት ይነሳል፤ "እስከዛሬ ያልነካኝ" ማለት ማስረጃ አይሆንም።

አለርጂ ከሆነ መፍትሔው ማስነሳት ነው። እስክትሄዱ ድረስ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዙት፣ አትሹት። ማሳከኩን በመድኃኒት አስታግሶ ኤክስቴንሽኑን ማቆየት የሚፈልጉ አሉ፤ መንስኤው እዚያው ተቀምጦ ስለሆነ እብጠቱ ይመለሳል። ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ፣ ብርሃን መፍራት ወይም መግል ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሙጫ ዓይን ውስጥ ከገባም ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ እያፈሰሳችሁ እጠቡ፣ የተጣበቀውን ቆብ በኃይል አትክፈቱ፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አንድ ጊዜ አለርጂ ከወጣብኝ በሌላ ሙጫ መሞከር እችላለሁ?

"በቀላሉ ለሚቆጣ ዓይን" ተብለው የሚሸጡት ሙጫዎች አብዛኞቹ ያው ሳያኖአክሪሌት ናቸው፤ ተናቸው ስለሚያንስ የመቆጣትን ችግር ይቀንሳሉ እንጂ አለርጂን አያስቀሩም። ሰውነት አንዴ ከለየው በአብዛኛው አይረሳውም፤ የሚቀጥለው እብጠት ከፊተኛው ሊብስ ይችላል። ቀድሞ በየዓይኑ ጥቂት ፀጉር አጣብቆ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ ጠቃሚ ሙከራ ነው፤ ያን ቀን ምንም አለመታየቱ ግን ለወደፊቱ ዋስትና አይሆንም።

አማራጭ የምትፈልጉ የራስን ሽፋሽፍት ወደ ላይ የሚያጥፈው ላሽ ሊፍት አለ። ምንም ነገር አይጨመርበትም፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። እሱም ቢሆን ፀጉሩን ቅርጽ ማስያዣው ላይ ለመያዝ ሙጫ ይጠቀማል፤ ከመጋደማችሁ በፊት ያ ሙጫ ሳያኖአክሪሌት አለመሆኑን ጠይቁ፣ ጠርሙሱን አሳዩኝ ብትሉም ነውር የለበትም።